በጥርስ የተገመተ ዕድሜ

መንግሥት በተለወጠበት ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ማለዳ፣ ከጌዶ የመጣ ጎልማሳ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሞ በስሜ ጠራኝ። የኦቦ ዲንሳ የእህት ልጅ ነበር። አጎቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከእሱ ነው። የት እንደተቀበሩ፣ ለቀስተኛው እንዴት እንደበዛ ከነገረኝ በኋላ ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለመቃብራቸው ድንጋይ ሊያስቀርጹ ነው። ስም ተጽፏል፣ የአባት ስም ተጽፏል፤ ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ ምንም የለም።

«ከዘመድ የሚያውቅ ጠፋ፣ እትዬ አስካለ» አለኝ። «እናቴ ብትኖር ታውቅ ነበር። አጎቴ ስለ እርስዎ ሲያወሩ፣ ካርድ የምትጽፍልን ልጅ ነበረች፣ ከቅጽ ላይ አንድ ሣጥን ባዶ አታሳልፍም ይሉ ነበር። እርስዎ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ባዶውን ቦታ አየሁት። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ሰውየው ኀዘን መስሎት «አይዞዎት» አለኝ። ኀዘኑስ ነበረ። ያቃጠለኝ ግን ያ የተናገረው ቃል ነው። ኦቦ ዲንሳ «ባዶ አታሳልፍም» ሲሉ ለማመስገን ይሁን ለሌላ፣ እሱ ሊያውቅ አይችልም። እኔ አውቃለሁ።

ኦቦ ዲንሳ ድሬሰር ነበሩ። የሠራንበትን ጤና ጣቢያ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አምቦ አካባቢ ነው ማለት ይበቃል። በአዘቦቱ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፤ ማክሰኞና ዓርብ ጥርስ ያያሉ። ረጅም፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ጋውናቸው ሁልጊዜ የቅርንፉድ ዘይት ይሸታል። የራሳቸው ጥርስ አንድም ሳይጎድል እንደ ጎረምሳ ጥርስ ነጭ ስለነበር በሽተኞቹ «ኦቦ ዲንሳ፣ ይኼንን ከማን ነቅለው ነው የተከሉት?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የማይሽሩት አንድ ደንብ ነበራቸው። መፋቂያውን ሳይዝ የመጣን በሽተኛ አያዩም። ለይሉኝታ ብሎ ከአጥር አዲስ ቆርጦ የመጣውንም ይመልሱታል። የሚፈልጉት ሰውየው ሲፋቅበት የሰነበተውን፣ ጫፉ የተፈታውን ነው። መስኮቱ ዘንድ ወስደው በብርሃን ያገላብጡታል፤ በየትኛው በኩል እንዳለቀ፣ ደም ነክቶት እንደሆነ ያያሉ። አፍ የሚያስከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ዓርብ አንድ ሽማግሌ ገብቶ «ዲንሳ፣ ሁሉንም ንቀልልኝ፤ አርጅቻለሁ» አላቸው።

«የሚነቃነቀው የትኛው ነው?»

«የቀኙ።»

«የግራውስ?»

«የግራው ደህና ነው።»

«ዱጋ? እውነት? የግራው ታዲያ በስንት ዓመት ያንሳል?»

በር ላይ የቆመው ሰልፈኛ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ኦቦ ዲንሳ መፋቂያውን አሳዩት። «ሁሉም አብሮህ ነው የኖረው፣ ወንድሜ። ይኼ እንጨትህ ግን ቀኝ የሚባል አገር አያውቅም። አንድ ቀን ሲደማብህ ፈርተህ ተውከው፤ ስትተወው ቆሻሻው ጠጠረ፣ ድዱ ሸሸ። አሁን በዕድሜህ ታሳብባለህ።» ከዚያ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጉመጠመጡትና ያንን እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቆሻሻ በትንሿ ብረታቸው ይፍቁለት ጀመር።

ሲወጣ ጠየቅኳቸው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ትዳሬ ከፈረሰ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ካርድ ክፍል ተቀምጬ ያነበብኩት አንድ የጤና መጽሐፍ ሰው ሲያረጅ ድዱ ይሸሻል ይላል። «ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል?» አልኳቸው።

እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። «አልተሳሳተም። ሳይጨርስ ነው የተወው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «የወጣት ድድ ቶሎ ይቆጣል፣ ሲያጥቡት ቶሎ ይታረቃል። ያረጀ ድድ በዚያው ቆሻሻ የባሰ ይቆጣል። ቀላ፣ አበጠ፣ ደማ፤ ብታጥቢለትም ቂሙን ቶሎ አይለቅም። ሳስቷል፣ የሸሸው ሥጋም አይመለስለትም። ግን ይታረቃል። እኔ እዚህ ወንበር ላይ አይቼዋለሁ። ለወጣቱ ሳምንት ከሰጠሽው ለሽማግሌው ወር መስጠት ነው። ዕድሜ እኔን የሚጠይቀኝ ትዕግሥት ነው፤ ጉጠት አይደለም።»

ይህን ሲሉ ጉጠቱ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ነበር። በሳምንት አንዴ ቢያነሱት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ከአዲስ አበባ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን የሚወድ፣ ትሑት ሰው ነበር። የድድ በሽታ በዕድሜ እንዴት እንደሚለያይ ለማጥናት ብሎ በየጤና ጣቢያው ቅጽ አደለ። ዕድሜ፣ የድድ መቅላት፣ መድማት፣ መሸሽ፣ የጥርስ መነቃነቅ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሣጥን። ኦቦ ዲንሳ ዕድሜ ጠይቀው፣ አፍ አይተው ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ትእዛዙ ይኸው ነው።

የኦቦ ዲንሳ የዕድሜ አጠያየቅ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስንት ዓመትህ ነው ብለው አያውቁም። ከእናት ሰርግ ነው የሚጀምሩት። እናትሽ መቼ ነው ያገባችው፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ? የመጀመሪያ ልጇ ማነው? አንቺ ከማን ቀጥለሽ መጣሽ? በመካከላችሁ የሞተ አለ? በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ፣ እየሳቁ፣ የሞተው ጋ ሲደርሱ ነፍስ ይማር እያሉ፣ ቀስ ብለው ወደ ሰውየው ይደርሳሉ። አንዳንዴ ደርሰውም «አልተገኘም፤ ባዶ ይቀመጥ» ይሉኛል።

ባዶ! እኔ ባዶ ሣጥን ሳይ ያመኛል። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንዲህ ነው መሰለኝ፤ አንድ ቦታ ባዶ ከቀረ አላወቀችም የሚሉኝ ይመስለኛል።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ሰልፉ መንገድ ደረሰ» አልኳቸው አንድ ማክሰኞ። «ዕድሜውን ለእኔ ይተዉልኝ፤ መስኮቱ ላይ እየጠየቅኩ እጽፋለሁ።»

ሰልፉን አዩት። ደክሟቸውም ነበር። «እሺ። ግን ጠይቂያቸው እንጂ አትገምቺ።»

የመጀመሪያውን ሳምንት ጠየቅኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ጻፊው» ይሉኛል ሰዎቹ። ከዚያ መጠየቅ ተውኩ። አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር፤ ከጌዶ ገዝቶ አዲስ ዓለም ድረስ እየነዳ ይሸጥ ነበር። በልጅነቴ የወይፈኑን ከንፈር ገልበጥ አድርጎ ዕድሜውን ሲናገር አንድም ቀን አልተሳሳተም። እኔም «እስቲ አፍዎን» እላለሁ፤ ድዱ ምን ያህል እንደሸሸ፣ ጥርሱ ምን ያህል እንደወጣ አይና እጽፋለሁ። ሃምሳ ብዬ አልጽፍም፤ ሃምሳ የተገመተ ይመስላል። ሃምሳ ሁለት እላለሁ። አርባ ሰባት እላለሁ።

አንድ ቀን ኦቦ ዲንሳ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ምን እያየሽ ነው?»

«ዕድሜ።»

«ከአፍ ውስጥ?»

ስለ አባቴና ስለ ወይፈኖቹ ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ተቆረጠ። «ወይፈኑ ተጠይቆ አይመልስም። እነዚህ ይመልሳሉ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «አጥፊው።»

ሰው ሰምቶ ነበር፤ መስኮቱ ላይ የቆሙት ሁለት ሴቶች ተያይተው ፈገግ አሉ። እኔ አኮረፍኩ። ያንን አንዱን ሰረዝኩላቸው። ሌሎቹን አልነካሁም። ከዚያ በኋላም እሳቸው ሲመጡ እጠይቃለሁ፣ ሲሄዱ አፍ አያለሁ።

ሐኪሙ ቅጾቹን ወስዶ ከወራት በኋላ ተመለሰ። ሠራተኛውን ሰብስቦ በትልቅ ወረቀት ላይ የሠራውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ዕድሜ ከፍ ሲል የድዱ መሸሽ እንደ ደረጃ ተስተካክሎ አብሮ ይወጣል። አንድም የተዛነፈ የለም። «ከጣቢያዎቹ ሁሉ በጥራት የተሞላው የእናንተ ቅጽ ነው» አለና ስሜን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስታውሰው መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ድዱን አይቼ ዕድሜ ሰጠሁት፤ ሐኪሙ ደግሞ ከዕድሜው ተነሥቶ ወደ ድዱ ሄደ። እንዴት ይዛነፍ?

ሐኪሙ በዚያ ላይ ተመርኩዞ መመሪያ ሰጠ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖ ድዱ የሸሸና ጥርሱ የተነቃነቀ ሰው ከእንግዲህ አይፋቅለትም፤ ተነቅሎለት ይገላገል።

ኦቦ ዲንሳ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ዲንሳ፣ ይናገሩ» አለ ሰብሳቢው።

«ዶክተር፣ የዚህ አገር ሰው ዕድሜውን እንዲህ በፍጥነት አይናገርም» አሉ።

«ቁጥሩ ግልጽ ነው እኮ፣ ኦቦ ዲንሳ» አለ ሐኪሙ በአክብሮት።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። እንድናገር ጊዜ ነው የሰጡኝ። እኔ የወረቀቶቹን ጠርዝ እያስተካከልኩ ነበር። ተስተካክለው ሳለ እንደገና አስተካከልኳቸው።

አዴ ሸጊቱን የማነሣው አሁን ነው። ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ፊቷን ፀሐይ የጠበሳት፣ የላይኛው የፊት ድዷ ሸሽቶ ጥርሶቿ የረዘሙ ሴት። ሁልጊዜ ልጅ አዝላ ነው የምትመጣው። የልጅ ልጇን ያዘለች አያት አድርጌ ቆጠርኳት። አፏን አየሁና ሃምሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ በካርዷም ላይ፣ በቅጹም ላይ።

ኦቦ ዲንሳ አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ፍቀውላት ድዷ መድማቱን አቁሞ ነበር። በመመሪያው መነቀል ያለበትን ሁሉ «የዛሬ ሳምንት ና፣ ሳምንት ነይ» እያሉ ያንኑ ሥራቸውን ይሠሩ ነበርና እሷም መመሪያ መኖሩን አታውቅም። «እነዚህን ጥርሶች እኔና አንቺ እናቆያቸዋለን፣ ይቺ ልጅ» ይሏታል። እኔ «ልጅ» ማለታቸውን ለማቆላመጥ ነው ብዬ ነበር። ከእናቷ ሰርግ ጀምረው ዕድሜዋን ጠይቀዋት እንደነበር አልገባኝም።

እህታቸው ስለታመመች ኦቦ ዲንሳ ለአሥር ቀን ጌዶ ሄዱ። በምትካቸው የገባው ጤና ረዳት መመሪያውን አነበበ፤ ካርዷን አነበበ። በሩ ክፍት ስለነበር ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ኦቦ ዲንሳ አይነቀልም ብለውኛል።»

«እሜቴ፣ በእርስዎ ዕድሜ ከዚህ በኋላ አይድንም። መመሪያ ነው።»

«በእኔ ዕድሜ?»

እኔ ከዚያ ቦታ አሥር እርምጃ አልርቅም። ብነሣ ደርሼ እጁን እይዘው ነበር። ግን ተነሥቼ ምን ልል? ገምቼ ነው የጻፍኩት ልል? ካርድ በፊደል ተራ እየደረደርኩ ቆየሁ።

ስድስት ጥርስ ተነቀለ። ስትወጣ መስኮቴ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አፏ በጥጥ ተወጥሯል፤ የነጠላዋ ጫፍ ደም ነክቶታል። በጀርባዋ ያለው ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ወደ ፊት አዙራ አቀፈችውና ጡቷን አውጥታ ሰጠችው። ሕፃኑ ጸጥ አለ።

የልጅ ልጇ አልነበረም፤ የራሷ ልጅ ነው። ከዚያ ካርዷን አወጣሁ። ሃምሳ ሁለት። ያቺ ሐኪሙ ያስጨበጨበላት የእጅ ጽሑፌ።

ኦቦ ዲንሳ ሲመለሱ ካርዱን አምጪ አሉኝ። ዓይናቸው ስለደከመ ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡት።

«ጠይቀሻት ነበር?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ሠላሳ ሦስት ወይም ሠላሳ አራት ናት» አሉ። «እንዲህ ያሉ ስንት አሉ?»

«ብዙ» አልኩ። አልተቆጡኝም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ትንሿን ብረት በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉ።

የአዴ ሸጊቱ ባል በቀበሌ በኩል አቤቱታ አቀረበ። ሐኪሙ መጣ፤ ከኃላፊው ጋር ተቀምጠው ሁለታችንንም ጠሩን። ሐኪሙ ካርዱን ይዞ «ይህን ዕድሜ ማን ነው የሞላው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ከፍቼ ነበር። ቀደሙኝ።

«በትእዛዝዎ መሠረት ዕድሜ የመጠየቁ ሥራ የእኔ ነው፣ ዶክተር። አልጠየቅኩም። እሷ የሚሰጣትን ትጽፋለች።»

እኔም አፌን ዘጋሁ። ያን ጊዜ አፌን መዝጋቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያነደኝ። ጽሑፉ ስህተት ነበር እንበል፤ ዝምታው ግን ስህተት አልነበረም። አስቤበት ነው ዝም ያልኩት። ለኦቦ ዲንሳ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸውና ጌዶ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ተዛወሩ። ማስጠንቀቂያውን በንጹሕ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበረ።

የሄዱ ዕለት የቅርንፉድ ዘይታቸውንና ብረቶቻቸውን በአንድ ትንሽ ሻንጣ ይዘው መስኮቴ ላይ መጡ። «ለምን?» አልኳቸው።

«ጥርስ ጌዶም አለ። አንቺ ብዕርሽን ብትቀሚ ወዴት ትሄጃለሽ?» አሉና ሻንጣውን በሌላ እጃቸው ያዙ። «ባዶ ሣጥን አትፍሪ፣ ኢንተላ ኮ። ለሐኪሙ ግን ንገሪው። ያ ሥዕል በየጣቢያው ይዞራል።»

አልነገርኩትም። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቱንም አስተካክዬ፣ አሳምሬ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ቀደድኩ። ሥዕሉ የት ድረስ እንደዞረ፣ የስንት ሰው ጥርስ ይዞ እንደሄደ አላውቅም። አዴ ሸጊቱን ግን በየገበያው ቀን አገኛታለሁ። «አካም ጅርታ፣ አስካለ?» ብላ ደህንነቴን ትጠይቀኛለች፤ ስትስቅ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ቅቤ ከሌላ ሰው መግዛት ጀመርኩ።

የእህታቸው ልጅ መስኮቱ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ይህን ሁሉ ሳስብ ደቂቃም አልሞላኝ ይሆናል።

«አላውቅም» አልኩት። «ጠይቄያቸው አላውቅም።»

«በግምትስ? ሰባ ብንል? ጥርሳቸው ሙሉ ነበር እንጂ...»

«በጥርሳቸው አይሆንም» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ስላለ ሰውየው ደነገጠ። ወረቀቱን እንዳለ መለስኩለት። «ባዶ ይቀመጥ። እሳቸው ቢኖሩ እንደዚያ ነበር የሚሉት።»

ግራ እየገባው አጥፎ ኪሱ ከተተው። እሱን ሸኝቼ የካርድ ክፍሉን ቆለፍኩና ገበያ ወረድኩ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አዴ ሸጊቱ ቅሎቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ጀመርኩ፤ ካቆምኩ እንደማልቀጥል አውቃለሁ።

«ኦቦ ዲንሳ ሞቱ። ካርድሽ ላይ ሃምሳ ሁለት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም።»

የያዘችውን ቅል ቀስ ብላ አስቀመጠች። ስለ እሳቸው ከንፈሯን መጠጠች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«እሳቸው ምንም ነግረውኝ አያውቁም» አለች። «ግን ያን ቀን መስኮቱ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አፌን አይተሽ ወደ ወረቀቱ አቀረቀርሽ፤ ስትጽፊ ቆሜ እያየሁ ነበር። ለምንድነው ያልጠየቅሽኝ?»

«ባዶ እንዳይቀር ብዬ።»

«ባዶ አልነበረም እኮ» አለች። «እኔ ዘንድ ነበር።»

ሰው እየገፋን ያልፋል፤ አንዲት ሴት የቅቤ ዋጋ ጠይቃ መልስ ስታጣ ሄደች። አዴ ሸጊቱ ቀና ብላ አየችኝ። በዚህ ጊዜ አፏን አልሸፈነችም።

«ይኸው ዛሬም አልጠየቅሽኝም» አለች። «ታኢ፣ ተቀመጪ።»

ከቅሎቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ብዕርም ወረቀትም አልያዝኩም ነበር። ጠየቅኳት። ቀስ ብላ፣ ከእናቷ ሰርግ ጀመረች።